የሚያኝክ እንጨት

ሐሙስ ቀን ነበር፤ የጅማው የሄርማታ ገበያ ሊበተን ሲል። አንዲት ሴት ሁለት ዘንግ ሸንኮራ በትከሻዋ አጋድማ በርጩማ ወደምጠርብባት ክፍል ገባች። ሸንኮራውን መሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ አሳረፈችና ግድግዳው ላይ የተደገፉትን በሮች፣ ያላለቁትን በርጩማዎች፣ መሬቱን የሞላውን የዋንዛ ፍቅፋቂ አንድ በአንድ አየች።

"በርጩማ ነው የምትፈልጊው?" አልኳት።

"አይደለም። የሚያኝክ እንጨት ሥራልኝ።"

አማርኛዋ ከኦሮምኛ ጋር የተቀላቀለ ስለነበር አንድ ቃል የሳተች መሰለኝ። "ምን የሚያደርግ?" አልኳት።

"የሚያኝክ! ጥርስ ያለው!" ሁለት እጆቿን ጨብጣ አንዱን ቡጢ በሌላው ላይ አሽከረከረች። "ይኼን ሸንኮራ የሚያኝክ። አባኮ ጥርሳቸው አልቋል።"

አባኮ ማለት አባቴ ማለት ነው። በርጩማ ሰጥቻት ተቀመጠችና ነገሩን ዘረዘረችልኝ። ባሏ ከሞተ በኋላ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ፣ እሳቸው በጎልማሳነታቸው የተከሉትን ሸንኮራ አሁን የምታለማው እሷ ናት። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠዋት ጠዋት አንድ ዘንግ ልጠው ሳያኝኩ ከቤት ወጥተው አያውቁም። ባለፈው ክረምት ግን የመጨረሻዋ ጥርሳቸው ወለቀች። እሷ በሙቀጫ ወቅጣ ብትሰጣቸው ቃጫው አፋቸው ውስጥ ተሰገሰገ። በነጠላ አጥልላ ብትሰጣቸው ደግሞ "የልብስ ጣዕም አለው" ብለው መለሱላት።

"አንተ እንጨት ታውቃለህ ሲሉኝ ነው የመጣሁት፣ ኦቦሌሳ" አለች። ወንድሜ ማለቷ ነው።

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከሸዋ ደጋ ወጥቼ ጅማ ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ኦሮምኛዬ ለገበያ ይበቃል፤ ለወግ ግን አይበቃም። ተወልጄ ባደግኩበት ብርዳም አገር ሸንኮራ የሚታየው ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ሲያመጣ ብቻ ነበር። ያቺን አንድ ዘንግ አንጓ በአንጓ ቆርጠን ለቤተሰቡ ሁሉ እናዳርሳታለን። ቆሞ ሲበቅል ግን አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ስለ እንጨቱ ከመጠየቄ በፊት አፌ ላይ የመጣው ሌላ ነገር ነበር።

"ዘሩ ምን ይመስላል?"

ሳቀች። "ዘር? ራሱን እኮ ነው የምንቀብረው።"

"ራሱን ማለት?"

"ከጫፉ እንቆርጠውና መሬት ውስጥ እናስተኛዋለን። ይኼ ዓይኑ ነው" ብላ አንጓው ላይ ያለችውን ትንሽ እብጠት በጥፍሯ ነካች። "ከዚህ ይነሳል።"

እብጠቷን ደጋግሜ አየኋት። ስንት ዓመት ስበላው የኖርኩት ነገር ዓይን እንዳለው አላውቅም ነበር። "ቆሞ ሳላየው የሚያኝከውን ልሠራ አልችልም፤ እሁድ እመጣለሁ" አልኳት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ሊሙ ገነት የሚወስደውን መንገድ ይዤ ሁለት ሰዓት ያህል በእግሬ ሄድኩ። ቡና የጫኑ መኪናዎች አቧራውን እያለበሱኝ ያልፋሉ። በዚያ ዘመን ጅማ ውስጥ ስለ እርሻ ሲወራ የሚወራው ስለ ቡና ብቻ ነበር። ሬዲዮው ስለ ቡና ያወራል፤ ሻይ ቤት የተቀመጠው ሰው ስለ ቡና ያወራል፤ ለእኔም በር የሚያሠሩኝ ቡናቸው የሰመረላቸው ሰዎች ናቸው። ገበያ ላይ የሚታየውን ጎደሬ፣ ሙዝ፣ ሸንኮራ፣ በርበሬ ማን እንዳበቀለው የሚጠይቅ አልነበረም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ሴትዮዋ ከአንዲት የእንጨት ድልድይ አጠገብ ጠበቀችኝ። ዳገቱ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የተተከለ ቡና ነው። ያን አልፈን ስንወርድ መሬቱ ከእግራችን ሥር መለስለስ፣ ከዚያም ቸፍ ቸፍ ማለት ጀመረ። ከፊታችን የቆመው ሸንኮራ የሁለት ሰው ቁመት አለው። ነፋስ ሲነካው የሚያሰማው ድምፅ ዝናብ የመጣ ያስመስላል፤ ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ፤ ደመና የለም። ግማሹ ማሳ ጥቁር ሐምራዊ አገዳ ነው፤ እነሱ ጉራቻ ይሉታል። ግማሹ ቢጫ አረንጓዴ ሲሆን አዲ፣ ማለትም ነጭ፣ ይሉታል። በመካከላቸው ቀጫጭን ቦዮች ያልፋሉ፤ በቦዮቹ ዳር ጎደሬ ተተክሏል። ከላይ በኩል ከብቶች የሚጠጡት ጨዋማ ምንጭ አለ፤ ሆራ ይሉታል።

በታችኛው ጥግ ከሸንኮራው መሐል የደረቁ የቡና ጉቶዎች አየሁና ምንድን ናቸው ብዬ ጠየቅኳት።

"የወንድሜ ቡና ነው" አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ሸንኮራ የልጅ መጫወቻ ነው፣ ቤት የሚያሠራው ቡና ነው ብሎ የዚህን ጥግ ሸንኮራ ነቀለ። ቦይ ቆፈረ፣ ችግኝ አመጣ። ቡናው በዓመቱ ቢጫ ሆነ። ሥሩን ብናወጣው በስብሷል። ይኼ መሬት ለቡና እግር ብርድ ነው። ወንድሜ ተናዶ ከዚያ ወዲህ ወደዚህ አይወርድም። እኔ መልሼ ሸንኮራ አስተኛሁበት።"

"አባትሽስ ምን አሉ?"

"አባኮ አላዩትም፤ ጉልበታቸውም ደክሟል። ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል ወደ ታች ካልወረዱ።"

ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ በጆሯቸው ግን ገና ከሩቅ እግሬን ሰምተው "ጫማ ያደረገ ሰው መጣ" ብለው ነበር። አማርኛ የተማሩት በወጣትነታቸው ከነጋዴዎች ጋር በቅሎ ሲነዱ ነው። የመጀመሪያዎቹን የሸንኮራ ቁራጮችም ያገኙት በዚያው ሥራ ላይ ሳሉ ከጎጀብ ወንዝ ማዶ ነበር፤ በእርጥብ ጭቃ ለቅልቀው፣ በኮባ ጠቅልለው፣ በበቅሎ ጭነው እዚህ አደረሷቸው።

"አናጢው አንተ ነህ?" አሉኝ።

"አዎ አባባ። እንደምን ሰነበቱ?"

"አልሐምዱሊላህ። ልጄ አንድ ነገር ስትይዝ አትለቅም፤ አስቸገረችህ?"

"ኧረ የለም። እኔው ነኝ በጥያቄ ያስቸገርኳት። አባባ፣ ሸንኮራው መድረሱን በምን ያውቃሉ?"

ፊታቸው በራ። አንድ ዘንግ አስመጡና ጆሯቸው ሥር አድርገው በጥፍራቸው መቱት። ቀጭን፣ ጠንከር ያለ ድምፅ ሰጠ። "ሰማህ? ይኼ ተናግሯል። ያልደረሰ ከሆነ ዝም ይላል።" ከዚያ ሌላ አስመጥተው መቱ፤ እውነትም የታፈነ ድምፅ ነበረው። እኔም ሞከርኩ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ማሳው ውስጥ እየዞርኩ ሸንኮራውን እንደ በር ሳንኳኳ ዋልኩ ማለት ይቻላል።

ሥራው እንዳሰብኩት አልሆነም። መጀመሪያ የሠራሁት ሁለት የዋንዛ ግንድ ጎን ለጎን አጋድሜ፣ አንዱን በእጀታ የሚዞር አድርጌ ነው። ዋንዛ እጄ የለመደው እንጨት ነው፤ ይታዘዛል። ያ መታዘዙ ነው ያጠፋኝ። ሸንኮራውን መሐላቸው ሳስገባው እንጨቱ ተሰረጎደ፤ ሸንኮራው ሳይጨመቅ እንደ ሳሙና ሾለከ። በዚያ ላይ የሚዞረው አንደኛው ግንድ ብቻ ነበር፤ ሌላኛው ቆሞ ያየዋል። ሴትዮዋ በሚቀጥለው ሐሙስ መጥታ ስታየው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

"ይኼም ጥርስ የለውም" አለች።

ሁለቱ ግንዶች እኩል እንዲዞሩ ምን ላድርግ እያልኩ ስንት ቀን ከረምኩ። አንድ ቀን ከመናኸሪያው አጠገብ ካለ ምግብ ቤት በር ልጠግን ተጠርቼ ወደ ማድ ቤቱ ስገባ፣ ወጥ ቤቷ ጣልያን ትቶት በሄደ መሣሪያ የፓስታ ሊጥ ስትዳምጥ አየሁ። ሁለት ትንንሽ ብረት ናቸው፤ እሷ የምታዞረው አንዱን ነው፤ ሁለቱም ግን ይዞራሉ። በሩን ትቼ አጠገቧ ቆምኩ።

"ምን ሆነሃል?" አለችኝ።

"ሁለተኛውን ማን ነው የሚያዞረው?"

"እኔ ምን አውቄ!" ብላ መሣሪያውን ወደ እኔ አዞረችው። በጎኑ በኩል ሁለት ጥርሳም ክብ ብረቶች ተነካክሰው ቆመዋል። አንዱ ሲዞር ጥርሱ የሌላውን ጥርስ ይገፋል። ሊጡ እስኪደርቅ ድረስ አስዞርኳት፤ ተቆጥታ አስወጣችኝ። በሩን ያጠናቀቅኩት በማግስቱ ነው።

ከዚያ በኋላ እንጨቱን ቀየርኩ። ከሴትዮዋ ቤት ጀርባ በዓውሎ ነፋስ የወደቀ አሮጌ ወይራ ነበር፤ እሱን ቆርጠን ተጠቀምን። ወይራ መሮ ያደነዝዛል፤ የእጄ መዳፍ ተልጦ ዳነ፣ ተልጦ ዳነ። ግንዶቹን አጋድሜ ሳይሆን አቁሜ ሠራኋቸው፤ አንደኛውን ከሌላው አስረዘምኩና ከላዩ ረጅም አግዳሚ እንጨት አሰርኩበት፤ በሬ እየዞረ እንዲጎትተው። በግንዶቹ ላይኛው ክፍል ጥርስ ፈለፈልኩ። የመጀመሪያውን ጥርስ በዓይኔ ገምቼ ስለፈለፈልኩት አንዱ አሥራ አንድ፣ ሌላው አሥራ ሁለት ጥርስ አወጣ። ግንዶቹ እኩል ውፍረት ስለነበራቸው ግማሽ ዙር ሳይሄዱ ተቆላለፉ፤ ነቅንቄ ላላቅቃቸው አልቻልኩም። የአንደኛውን አናት ቆርጬ ጥዬ፣ በገመድና በከሰል እየለካሁ እንደገና ጀመርኩ።

ግንዱ የሚሽከረከርበት ቀዳዳ እንዳይጮህና እንዳይቃጠል ሞራ ልቀባው አስቤ ነበር። ሴትዮዋ የሞራውን ቆርቆሮ አየችና "ይኼ ከየት ነው?" አለች።

"ከሥጋ ቤት።"

"ከክርስቲያን ሥጋ ቤት?"

ያኔ ገባኝ። እሷ እስላም ናት፤ ከዚህ የሚወጣውን የሚጠጡት አባቷ ናቸው፤ እኛ ያረድነው ከብት ሞራ የነካውን አይጠጡም። አንገቴን ደፋሁ። "አላሰብኩትም፤ ይቅርታ" አልኳት።

"አሁን አሰብከው። ጋሪ" አለች፤ ደህና ነው ማለቷ ነው። በማግስቱ የጉሎ ፍሬ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ዘይቱን አውጥታ በቅል አመጣችልኝ። የጉሎው ዘይት ከሞራው ይልቅ በጣም ተስማማው።

መጭመቂያውን በአራት ሰው ትከሻ ወደ ሸለቆው ያወረድነው ኅዳር ላይ ነው። ከቤታቸው በታች ከአንድ ዋርካ ሥር ቆፍረን ተከልነው። ሽማግሌው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ወንድሟም የቡና ለቀማውን ትቶ መጥቶ፣ እጁን አጣምሮ ከርቀት ቆመ። ቁመተ ረጅም፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር።

በሬው መጀመሪያ አልዞርም አለ፤ የለመደው ቀጥ ብሎ ማረስ ነው። ሴትዮዋ ፊቱን እየዳሰሰች፣ እያባበለች፣ የኋሊት እየሄደች አንድ ዙር አዞረችው። ወይራው ጓ! ብሎ ጮኸ። እኔ ተንበርክኬ ሁለት ዘንግ አስገባሁ። ሸንኮራው ተሰነጠቀ፣ ተንጫጫ፣ በወዲያ በኩል ጠፍጣፋ ሆኖ ወጣ። ከሥር ባስቀመጥነው ገበታ ላይ አረፋ ያለው ግራጫ አረንጓዴ ውሃ ወረደ። መልኩ አያምርም፤ የታጠበ ጨርቅ ውሃ ይመስላል። ሴትዮዋ ግን እልል አለች። ወዲያው ንብ መጣ፤ ከየት እንደሰማ አላውቅም።

ሽማግሌው ቅሉን በሁለት እጃቸው ይዘው "ቢስሚላህ" አሉና ጠጡ። ሁላችንም አፋቸውን እናያለን። ቶሎ አልዋጡትም፤ እንደሚያኝክ ሰው መንጋጋቸውን አንቀሳቀሱ። ከዚያ የተናገሩት የጠበቅኩትን ምስጋና አልነበረም።

"ይኼ ከሆራው አጠገብ ያለው ጉራቻ ነው። ጨው አለው።"

ሴትዮዋ ደነገጠች። "እንዴት አወቁ?"

"እኔ አይደለሁ እንዴ የተከልኩት?"

ቅሉን ተቀብዬ ቀመስኩ። ለእኔ ጣፋጭ ብቻ ነው። ደግሜ ቀመስኩ፤ ከጣፋጩ በኋላ ምላስ ጫፍ ላይ የምትቀር የሆነች ነገር ነበረች፤ ጨው አለው ስለተባልኩ ይሁን ወይስ በእርግጥ ጨው ኖሮበት፣ እስካሁን መማል አልችልም። ማወቅ ፈለግኩ። "አባባ፣ ከሌላ ቦታ ቢመጣስ ያውቁታል?" አልኳቸው።

"አምጣና እይ።"

እንደዚያ ጉጉት ይዞኝ አያውቅም። ከሴትዮዋ ጋር ከአራት ቦታ ቆረጥን፤ ከሆራው አጠገብ፣ ከላይኛው ቦይ በላይ፣ ከመሐሉ ረግረግና ከታችኛው ጥግ። በየተራ ጨመቅን፤ በየመሐሉ መጭመቂያውን በውሃ አጠብን። በአራት ቅል አድርገን፣ እንዳንሳሳት የቅሎቹ አንገት ላይ በገመድ ምልክት አሰርን። ሽማግሌው የመጀመሪያውን ቀምሰው "ሆራ" አሉ። ልክ ነው። ሁለተኛውን ቀመሱ፤ "ይኼ ብዙ ውሃ ጠጥቷል፤ ጣዕሙ ሰፊ ነው፣ ጥልቅ አይደለም። የመሐሉ ረግረግ።" ልክ ነው። ሦስተኛውን ገና ከንፈራቸው ሲነካ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "ይኼ ከላይ ነው፤ ከቦዩ በላይ። እግሩ ደርቆ ነው ያደገው።" እሱም ልክ ነው። አራተኛውን ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ።

"ይኼም ከቦዩ በላይ ነው" አሉ።

ሴትዮዋ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። አራተኛው ከታችኛው ጥግ የመጣው ነበር። ልትዋሽላቸው እንዳሰበች ከፊቷ አየሁ፤ ግን አልሆነላትም። "አባኮ፣ ይኼ ከታች ነው። ከጥጉ" አለች ቀስ ብላ።

"አይደለም።"

"ወላሂ ከታች ነው።"

ሽማግሌው ቅሉን መሬት አስቀመጡት። ሲከፋቸው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። "ጥጉ ረግረግ ነው። እኔ ጭቃው እስከ ጉልበቴ እየዋጠኝ ነው የተከልኩት። ከረግረግ እንደዚህ ያለ ነገር አይወጣም። ምላሴም ጥርሴን ተከትሎ ሄዷል ማለት ነው" አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

በሬው የተጨመቀውን ገለባ ያላምጣል። እኔ ጥፋተኛ የሆንኩ መሰለኝ፤ ፈተናውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ግን ደግሞ ሦስቱን ያወቀ ምላስ አራተኛውን እንዴት ይስታል? ቅሉን አንስቼ ከሦስተኛው ጋር እያፈራረቅኩ ቀመስኩ። ለእኔ እንኳ ሁለቱ አንድ ናቸው።

"አባባ አልተሳሳቱ ይሆናል፤ የተሳሳተው መሬቱ ቢሆንስ? ወርደን እንየው" አልኩ።

ሴትዮዋና እኔ ስንወርድ ወንድሟ ከኋላ ተከተለን። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልረገጠው ቦታ ነው። ጥጉ ላይ ደርሼ በተረከዜ መሬቱን መታሁት፤ ውሃ አልወጣም። ዶማ አመጣንና ቆፈርን። የላይኛው አፈር ጥቁርና ልስልስ ነው፤ ጨብጬ ስለቀው ይፈረፈራል። ውሃ ያገኘነው ክንድ ያህል ከቆፈርን በኋላ ነው። ወንድሟ ይኼን ሁሉ ሲያይ ቆየና ወደ ዳር ሄዶ ሣሩን በእግሩ ገለጠ። ለቡናው ብሎ የቆፈረው ቦይ እዚያው አለ። እሱ የቆፈረው ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ነበር፤ ሦስት ክረምት የወረደበት ጎርፍ ግን ቦርቡሮ ቦርቡሮ ወገብ የሚደርስ አድርጎታል። የጥጉ ውሃ በሙሉ በዚያ በኩል ወደ ወንዙ ይሄዳል። ቡናው በሞተበት ዓመት ቦዩ ገና አልጠለቀም ነበር። ሸንኮራው የመጣው ቦዩ ከጠለቀ በኋላ ነው። ለዚህም ነው እግሩ ደርቆ ያደገው።

ወንድሟ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ቆመ። "ይኼን እኔ ነኝ የሠራሁት?" አለ፤ ማንን እንደሚጠይቅ አልታወቀኝም።

"አንተና ክረምቱ ናችሁ" አለች እህቱ።

ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። ወደ ላይ ወጥቶ አባቱ እግር ሥር ተንበርክኮ በኦሮምኛ ብዙ ነገራቸው። ሁሉን አልያዝኩትም፤ ቦይ፣ ጎርፍ፣ ደረቅ የሚሉትን ግን ለየሁ። ሽማግሌው ሲሰሙ ቆይተው እጃቸውን ልጃቸው ራስ ላይ አሳረፉ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ "አናጢው፣ ያን አራተኛውን ቅል መልስልኝ፤ ሳልጨርሰው ነው የተነጠቅኩት" አሉ።

ወንድሟ በዚያው ወር የቡናው ለቀማ እንዳለቀ በመሐሉ ረግረግ ውስጥ ሁለት ቦይ ጨመረ። ቡናውን አልተወም፤ ዳገቱ ላይ ያለው ቡናው ያማረ ነበር፤ ማንም ተው አላለውም። ነገር ግን የትኛው ቦታ ለምን እንደሚስማማ ከእህቱና ከአባቱ ጋር ቁጭ ብሎ ይማከር ጀመር። ከጎደሬውም የተወሰነውን በአዲሶቹ ቦዮች ዳር እንዲተክለው ያዘዙት ሽማግሌው ናቸው፤ ሥሩ የቦዩን ጠርዝ ይይዛል ብለው። እውነት ነው፤ ይዞታል።

ሸንኮራውን አፍልተን ስኳር ለማድረግም ሞክረን ነበር፤ ያ የእኔ ጉጉት ነው። የፋብሪካው ስኳር ነጭ ነው፤ የእኛው ግን ድስት ውስጥ እያፈላን ስንጠብቀው ጠቆረ፣ ወፈረ፣ ከዚያ ድስቱ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅም አለ። ቤቱ በሙሉ ያረረ ማር ሸተተ። የወንድሟ ልጆች ድስቱን በማንኪያ ሲፍቁ ዋሉ። ሴትዮዋ ለድስቷ አዝና ሁለተኛ አልሞክርም አለች፤ እኔም አልጎተጎትኳትም።

ጭማቂው ግን ራሱን ችሎ መንገድ አገኘ። በዚያው ወቅት የረመዳን ጾም ገባ። ሴትዮዋ ለአንዲት ሄርማታ ለምትኖር አክስቷ ማፍጠሪያ ብላ ሁለት ቅል ይዛላት ገባች። በማግስቱ የአክስቷ ጎረቤት ላከች፤ ከዚያ የጎረቤቷ ጎረቤት። በሳምንቱ አህያ ላይ ጭና ከሰዓት በኋላ እየገባች፣ ከመግሪብ አዛን በፊት አድላ ጨርሳ ትመለስ ጀመር። በእኔ በር በኩል ስታልፍ ለእኔም ትተውልኛለች። ቀኑን ሙሉ ሳይጠጣ የዋለ ሰው ያን ጭማቂ ሲጎነጭ ፊቱ ላይ የሚሆነውን እኔ፣ ስበላ ስጠጣ የዋልኩት፣ በር ላይ ቆሜ አይ ነበር። ጎረቤቴ የነበረ አንድ የመናዊ ባለሱቅ ከየት ነው የመጣው ብሎ ጠየቀኝ። ከሊሙ መንገድ፣ ሁለት ሰዓት በእግር አልኩት። ስኳር በጆንያ ሲሸጥ ስንት ዓመት የኖረ ሰው ነው፤ ይኼ ሁሉ ጣፋጭ እዚህ ቅርብ መኖሩን አላውቅም ነበር አለኝ። እኔም አላውቅም ነበር አልኩት።

ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖሩ። ጠዋት ጠዋት አንድ ቅል ይጠጣሉ፤ ከየት እንደተቆረጠም ይናገራሉ። ሲሞቱ ለቀብር ሄድኩ፤ ከቀብር መልስ ወንድሟ እጄን ይዞ ማሳውን አዞረኝ። ለሸለቆው ሌሎች ገበሬዎችም ከዚያ ወዲያ አምስት መጭመቂያ ሠርቻለሁ። ሁሉም ወይራ ናቸው። ጥርሳቸውን ከመፈልፈሌ በፊት ሦስት ጊዜ እቆጥራለሁ።

ገበያ ስገባ ዓይኔ ተለወጠ። ጎደሬ የምትሸጥ ሴት ሳይ ከየትኛው በኩል ነው፣ አፈሩ ምን ዓይነት ነው እያልኩ እጠይቃለሁ። አንዳንዶቹ የመንግሥት ሰው መስያቸው ይደነግጣሉ። አንዳንዶቹ ግን እንደ ሽማግሌው ፊታቸው ይበራና ዘንቢላቸውን ትተው ያወሩልኛል። እንዲህ እያልኩ ኦሮምኛዬም ለወግ በቃ።

በኋላ እኔም ከሥራ ቤቴ ጀርባ አንዲት ትንሽ ቦታ አግኝቼ ከሴትዮዋ ሸንኮራ ጫፎች ተቀብዬ ቀበርኩ። ዓይኖቹ ተነሱ፣ አደጉ፣ ረዘሙ። በዓመቱ ቆርጬ ስቀምሰው ግን ሣር ሣር አለኝ። ሐሙስ ገበያ ስትመጣ ጠራኋት። አንድ አንጓ አኘከች፣ ተፋች፣ ቁጢጥ ብላ አፈሩን በጣቶቿ ጫረች፤ ያወጣችው እፍኝ ሙሉ የዋንዛ ፍቅፋቂ ነበር።

"ይኼን ማን ደፋው?"

"እኔ ነኛ። ይበሰብስለታል ብዬ።"

"ኦቦሌሳ፣ ይኼ ሳይበሰብስ የመሬቱን ጉልበት ራሱ እየበላው ነው። ሸንኮራው ምን ይቅመስ?" ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። "ዶማ አለህ?"

አለኝ አልኩና ላመጣ ገባሁ።